ዝርዝርን ከሣጥን ያወጡ ሊቅ፤ የዶክተር ኤድጋር ኮድ ታሪክ

ቤቴል ሰፈር የገባ ሰው፤ ተከራይም ይሁን ባለቤት፤ እድር ሳይገባ ብዙ አይቈይም። እኔም ከዩኒቬርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ፤ በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮው ቤቴል የአንድ እድር አባል ሆንሁ። ኮምፒዩተር የተማረ ነው መባሌም ስለ ተሰማ የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር እንዳዛውር ተለመንሁ። መዝገቡ በእያንዳንዱ አባል ስም ትይዩ ቤተሰብ የሚል አንድ ሰፊ ዓምድ አለው። በዚያ ዓምድ ውስጥ ባል ወይም ሚስት፤ ልጆች፤ እናትና አባት፤ አንዳንዱ ዘንድም አማቶች ጭምር፤ በነጠላ ሠረዝ እየተለዩ ተደርድረዋል። እኔም ብዙ ሳልጨነቅ እንደ ደብተሩ አደረግሁ፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ የጽሑፍ ሣጥን ሰጥቼ ስሞቹን ሁሉ በዚያ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ሥራው በሁለት ቅዳሜ አለቀ፤ ተመሰገንሁም።

ምስጋናው ግን ክረምቱን አልተሻገረም። ወንድምና እኅት የሆኑ ሁለት አባሎች እናታቸው ዐረፉባቸው። በደንቡ መሠረት ወላጅ የሞተበት አባል ሁሉ ገንዘብ ይቀበላል፤ ስለዚህ ለሁለቱም ሊከፈል ይገባ ነበር። በእኅትየዋ ሣጥን ውስጥ የእናትየዋ ስም ከዓመት በፊት ታርሟል፤ በወንድምየው ሣጥን ውስጥ ግን የቀድሞው የቤት ስማቸው እንደ ተጻፈ ቀርቷል። በዚህም ምክንያት ለእርሷ በዕለቱ ሲከፈል፤ እርሱ የአንድ እናት ልጅ ሳለ፤ እናትህ በመዝገብ የሉም ተብሎ የኮሚቴው ስብሰባ እስኪደርስ ድረስ ከድንኳኑ ሥር ዕዳ እየቈጠረ ሰነበተ። ጥፋቱ የእድሩ ሳይሆን የእኔ ነው። በዚያው ሰሞን አበበ የሚባል ሟች ስንፈልግ፤ ፕሮግራሙ አበበች የሚል ስም ያለባቸውን ቤቶች ሁሉ አጋፍፎ አመጣልን፤ ምክንያቱም እርሱ የሚያየው ሰውን አይደለም፤ የፊደል ገመድን ነው፤ አበበ የሚሉት ሦስት ፊደሎችም በአበበች ውስጥ ይገኛሉ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህን ደዌ ከነመድኀኒቱ ጽፈው ያስቀመጡ አንድ ሰው ነበሩ። ጽሑፋቸውን በትምህርት ዘመኔ ለፈተና ያህል አልፌበት ኖሮአል እንጂ አላነበብሁትም፤ ብዙ የትምህርት ጓደኞቼም እንደ እኔ ይመስሉኛል። ስለዚህ ዛሬ የእኒህን ሰው ሕይወት ለመተረክ ተነሣሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። ስማቸው ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ነው። ይህ ኮድ በመኪና ሰሌዳ ላይ ከምናውቀው ኮድ ጋር በእኛ ፊደል ቢመሳሰልም በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ሌላ ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት የቤተሰብ ስም ነው።

ኤድጋር ኮድ በ1923 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በእንግሊዝ አገር በደቡብ ባሕር ዳርቻ ፖርትላንድ በምትባል ትንሽ የድንጋይ ደሴት ተወለዱ። አባታቸው የቆዳ ሥራ ባለሀብት፤ እናታቸው የትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ፤ ከሰባት ልጆችም የመጨረሻው እርሳቸው ናቸው። በኦክስፎርድ ዩኒቬርሲቲ ኤክሰተር ኮሌጅ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተማሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ወደ እንግሊዝ አየር ኀይል በፈቃዳቸው ገብተው፤ የባሕሩን ዳርቻ በሚጠብቀው ክፍል ሰንደርላንድ የሚባለውን፤ ከውሃ ላይ ተነሥቶ በውሃ ላይ የሚያርፍ ከባድ አውሮፕላን አበረሩ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1948 ወደ ኒውዮርክ ተሻገሩ። የኦክስፎርድ ምሩቅና የጦር አብራሪ የነበሩት ሰው ለጥቂት ጊዜ ያገኙት ሥራ ሜሲስ በሚባለው ትልቅ መደብር የወንዶች ልብስ መሸጥ ነበር። ዲግሪውን ጨብጦ ሥራ ለሚጠብቅ ወጣት ይህን መስማት ሳያጽናናው አይቀርም ብዬ ነው የጠቀስሁት። ከዚያም በቴኔሲ ዩኒቬርሲቲ ለጥቂት ወራት ሒሳብ አስተማሩና በ1949 አይ. ቢ. ኤም. ከተባለው ታላቅ የሒሳብ መኪና ኩባንያ ተቀጠሩ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ ዋና ቢሮው ምድር ቤት፤ የመንገድ ዐላፊ ሁሉ በመስተዋት እያየው የሚደነቅበት፤ አዳራሽ የሚሞላ የሒሳብ መኪና ነበረው። ኮድ ለዚያ መኪና ፕሮግራም ከሚጽፉት የሒሳብ ሰዎች አንዱ ሆኑ።

በ1953 ግን አሜሪካን ትተው ሄዱ። በዚያ ወራት ሴናተር ማካርቲ ኮሙኒስት ናችሁ እያሉ ምሁሩንና ሹሙን ሁሉ የሚያስጨንቁበት ጊዜ ስለ ነበር፤ ነገሩ ኮድን አስቈጥቶ ወደ ካናዳ ወደ ኦታዋ አሻገራቸው። እስከ 1957 እዚያ ሠርተው ወደ ቀድሞው ኩባንያቸው ተመለሱና ስትሬች ለሚባለው ታላቅ ኮምፒዩተር፤ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሳይረባበሹ እንዲሠሩ የሚያደርገውን ዘዴ ከሚያበጁት ጋር ተሰለፉ። የአሜሪካ ዜግነትም በኋላ ተቀበሉ።

ዕድሜያቸው ወደ አርባ ሲጠጋ ደግሞ እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ኩባንያው ወጪያቸውን ችሎ ሚሺጋን ዩኒቬርሲቲ ላካቸው፤ በ1965ም የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። የጥናታቸው ጉዳይ ራሱን መልሶ ሊሠራ የሚችል መኪና በወረቀት ላይ ማሰብ ነበር። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ፎን ኖይማን ይህን ሲያሳዩ እያንዳንዱ የመኪናው ክፍል 29 ዓይነት ጠባይ እንዲኖረው አድርገው ነበር፤ ኮድ 8 ይበቃል ብለው አስመሰከሩ። የሰውየውን ጠባይ ለማወቅ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሌላው በብዙ ያደረገውን በጥቂት ማድረግ ይወድዱ ነበር።

በ1967 አካባቢ ዶክተር ኮድ በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ወደሚገኘው የኩባንያው የምርምር ጣቢያ ተዛወሩ። እዚህ ላይ አንባቢዬ ትንሽ ይታገሠኝ፤ የታሪኩ እንብርት ይህ ነውና።

በዚያን ጊዜ የመረጃ ቋት የሚባለው ነገር ሁሉ እንደ ዛፍ ወይም እንደ መረብ ነበር። አይ. ቢ. ኤም. ራሱ ከአንድ የጠፈር መንኰራኵር ሠሪ ኩባንያ ጋር ሆኖ አይ. ኤም. ኤስ. የሚባለውን ሥርዓት ያበጀው ሰውን ወደ ጨረቃ ለወሰደው ለአፖሎ ሥራ ነው። የሮኬቱ ዕቃ ዝርዝር እጅግ ብዙ ስለ ነበረ፤ ትልቁ ክፍል በውስጡ ትንንሾቹን፤ ትንንሾቹም ሌሎችን እየያዙ፤ ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለተሠራበት ጉዳይ መልካም ነው። ነገር ግን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ልጠይቅ፤ ይህ ብሎን በስንት ክፍሎች ውስጥ ይገኛል ልበል ያለ ሰው፤ ፕሮግራመር ጠርቶ ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ መንገዱን እየዞረ የሚፈልግለት ፕሮግራም ማስጻፍ ነበረበት። የዛፉ አቀማመጥ በተለወጠ ቍጥርም ፕሮግራሙ ሁሉ ይበላሻል።

ዶክተር ኮድ ይህን ሲያዩ የሒሳብ ሰው ነበሩና ከሒሳብ አንድ አሮጌ ዕቃ አወጡ፤ ሪሌሽን የሚባለውን፤ በእኛ የሒሳብ ትምህርት ዝምድና የምንለውን። ብዙ ሰው የዚህ ሥርዓት ስም ሠንጠረዦች እርስ በርሳቸው ስለሚዛመዱ የተሰጠ ይመስለዋል፤ እኔም እስከ ምርቃቴ ድረስ እንደዚያ አምን ነበር። አይደለም። ዝምድናው ሠንጠረዡ ራሱ ነው። አንድ ረድፍ ማለት እነዚህና እነዚህ ነገሮች አብረው እውነት ናቸው የሚል አንድ ቃል ነው፤ ሠንጠረዡም የእነዚህ ቃላት ስብስብ ነው። ስብስብ ስለ ሆነም ሁለት ባሕርይ አለው፤ አንድ ረድፍ ሁለት ጊዜ አይጻፍበትም፤ ረድፎቹም ቅደም ተከተል የላቸውም። ከላይ ያለው ከታች ካለው አይበልጥም።

በ1969 ለኩባንያው ውስጥ ብቻ የሚሆን ጽሑፍ አወጡ፤ በሰኔ 1970 ደግሞ አሻሽለው በአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተሙት። ጽሑፉ ዐሥር ገጽ ያህል ነው።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያለውን አንድ ምሳሌ ባነበብሁ ጊዜ የቤቴሉን ደብተር ያየሁ መሰለኝ። ምሳሌው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ መዝገብ ነው። ሠራተኛው መለያ ቍጥር፤ ስም፤ የልደት ቀን አለው፤ ከዚያም የሥራ ታሪኩና ልጆቹ ይከተላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ናቸው። የሥራ ታሪክ ግን ዝርዝር ነው፤ በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥም የደመወዝ ዝርዝር አለ፤ ልጆችም ከነልደት ዓመታቸው ዝርዝር ናቸው። በመሥሪያ ቤት የሠራተኛ ፎርም የሞላ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ዶክተር ኮድ የሰጡት መፍትሔ በቀላሉ የሚነገር ነው። ዝርዝሩ ከሣጥኑ ይውጣና የራሱ ሠንጠረዥ ይሁን፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ረድፍ ይኑረው፤ በየረድፉም የአባቱ ወይም የእናቱ መለያ ቍጥር አብሮት ይሂድ። በዚህ ዓይነት አንዱ የተቀጠቀጠ መዝገብ አራት ንጹሕ ሠንጠረዥ ይሆናል፤ ሠራተኞች፤ የሥራ ታሪክ፤ የደመወዝ ታሪክ፤ ልጆች። በአንድ ሣጥን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይቀመጥ የሚለው ይህ ደንብ ዛሬ የመጀመሪያው ሥርዓታዊ ቅርጽ ይባላል። ልጅን ፈልጎ አባትን ማግኘት፤ አባትን ፈልጎ ልጅን ማግኘት፤ ልጆቹን መቍጠር፤ አንዱን ብቻ ማረም፤ ሁሉም እኩል ይቀላል። ለየትኛው ጥያቄ እንደሚያገለግል አስቀድሞ መወሰን የለም።

ይህን ለመሰለ ሐሳብ ኩባንያው ወዲያው እልል አለ ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። አይ. ቢ. ኤም. ከዛፉ ሥርዓት ብዙ ገንዘብ ያገኝ ስለ ነበር የራሱ ሠራተኛ የራሱን ገበያ ሲያፈርስ ማየት አልወደደም። ከውጭም የመረብ ዓይነቱን ቋት በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የፈጠሩትና በ1973 የቱሪንግን ሽልማት የተቀበሉት ቻርለስ ባክማን ነበሩ። በ1974 ሁለቱ ወገኖች በሚሺጋን አን አርበር በጉባኤ ፊት ተከራከሩ። ባክማን ፕሮግራመሩን በመረጃው ባሕር ላይ መንገዱን እያወቀ እንደሚቀዝፍ መርከበኛ ያዩታል፤ ኮድ ደግሞ የምፈልገውን ልናገር እንጂ መንገዱን መኪናው ይፈልግልኝ ባይ ናቸው። የጦር አብራሪ የነበረው ሰው መሪውን ለመኪና ሲሰጥ፤ ነጋዴው ኩባንያ ግን በእጅ መንዳት ይሻላል ሲል ማየት ያስገርማል።

ከ1973 ጀምሮ በሳን ሆዜው ጣቢያ ሲስተም አር የሚባል የሙከራ ሥራ ተጀመረ። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ የሚባሉ ወጣቶች ዛሬ እስኩኤል የምንለውን የመጠየቂያ ቋንቋ አወጡ፤ ቦይስ ግን በ1974 ገና በወጣትነቱ ሞተ። በበርክሌይ ዩኒቬርሲቲም እነ ማይክል ስቶንብሬከር ኢንግረስ የሚባለውን ሠሩ። ላሪ ኤሊሰንና ባልንጀሮቹ የሳን ሆዜን ጽሑፎች አንብበው ኦራክል የተባለውን በ1979 ለገበያ አቀረቡ፤ አይ. ቢ. ኤም. ራሱ ወደ ገበያ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1981 ነው። በዚያው ዓመት ዶክተር ኮድ የቱሪንግን ሽልማት ተቀበሉ።

እርሳቸው ግን የተደሰቱ ሰው አልነበሩም። አዲሱ ቋንቋ የእርሳቸው አይደለም፤ እርሳቸው አልፋ የሚባል ሌላ ቋንቋ አስበው ነበር። አንድን ረድፍ ሁለት ጊዜ መጻፍ የሚፈቅድ በመሆኑም እስከ መጨረሻው ነቅፈውታል። በ1984 ከኩባንያው በጡረታ ወጥተው ከጓደኛቸው ከክሪስ ዴትና ኋላ ባለቤታቸው ከሆኑት ከሻረን ዌንበርግ ጋር የምክር ድርጅት አቋቋሙ። ሻጩ ሁሉ ምርቱን የኮድ ሥርዓት እያለ መጥራት ስለ ጀመረም በ1985 እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩ ሕጎች አወጡ። ዐሥራ ሁለቱ ሕጎች ይባላሉ፤ ከዜሮ ስለሚጀምሩ ግን ሲቈጠሩ ዐሥራ ሦስት ናቸው። ዶክተር ኮድ በሚያዝያ 18 ቀን 2003 በፍሎሪዳ በመኖሪያ ቤታቸው በ79 ዓመታቸው በልብ ድካም ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ሙያ የሚሰጠው ትልቁ የፈጠራ ሽልማት በስማቸው ተሰየመ።

እርሳቸው ባረፉበት በዚያው በ2003 በአሜሪካ ካንዛስ፤ ሎውረንስ በምትባል ከተማ፤ በአንድ ጋዜጣ ቤት የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ድረ ገጽ በፍጥነት የሚሠሩበት ዕቃ ያበጁ ጀመር። በ2005 ጃንጎ ብለው ለሁሉም በነጻ ለቀቁት፤ ስሙም ከአንድ የጊታር ሊቅ የተወሰደ ነው። የጋዜጣ ሰው ነኝና ከጋዜጣ ቤት መውጣቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወደድሁም። እኔም የእድሩን መዝገብ የሠራሁት በዚሁ ነው።

እንዲህ ያለው ዕቃ በፕሮግራመሩና በሠንጠረዦቹ መካከል አስተርጓሚ ያቆማል። ፕሮግራመሩ በለመደው ቋንቋ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ወደ እስኩኤል ይመልሰዋል። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፕሮግራመሩ በሚናገርበት ቋንቋ ዝርዝር ማለት ከሁሉ የቀለለ ነገር ስለ ሆነ፤ ልጆች ብሎ ስም ሰጥቶ በአንድ ሣጥን ሊያኖረው ይቃጣዋል፤ ከአስተርጓሚው ወዲያ ያለው ሠንጠረዥ አይታየውምና። አስተርጓሚው ግን ትክክለኛውን መንገድ ያውቃል። አንዱ ለብዙ የሆነውን በመለያ ቍጥር ያያይዛል፤ ብዙው ለብዙ የሆነውን ደግሞ፤ እንደ አንዲት እናትና ሁለት አባል ልጆቿ ያለውን፤ ሦስተኛ ሠንጠረዥ በመካከል ሠርቶ ያገናኛል። ፕሮግራመሩ አንድ መስመር ይጽፋል፤ በሥሩ የሚሠራው ግን የ1970ው ጽሑፍ ነው።

በዝርዝሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ተራ። በሠንጠረዥ ረድፎች መካከል ፊተኛና ኋለኛ የለም ብለናል። በዝርዝር ውስጥ ግን አለ። በእኛ እድር የድንኳን መትከያው ተረኞች ዝርዝር ተራው ከጠፋ ጠብ ነው። ስለዚህ ተራው ራሱ እንደ ማንኛውም ዕውቀት የራሱ ዓምድ ተሰጥቶት አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት ተብሎ መጻፍ አለበት። ረድፎቹ በገቡበት ቅደም ተከተል ይወጡልኛል ብሎ የታመነ ሰው አንድ ቀን ያፍራል።

እውነቱን ለመናገር ክርክሩ አልተዘጋም። ከኢንግረስ በኋላ በዚያው በበርክሌይ የተወለደው ፖስትግሬስ በአንድ ሣጥን ውስጥ ዝርዝር ማስቀመጥን ፈቀደ፤ የ1999ኙ የእስኩኤል ደንብም ይህን ተቀበለ፤ ጃንጎም በ2015 ለፖስትግሬስ ተጠቃሚዎች ይህን ሣጥን ሰጠ። እኔ አልቃወመውም። ዝርዝሩ ሁልጊዜ በሙሉ የሚነበብ፤ በሙሉ የሚተካ፤ በውስጡ ያለውንም ማንም ለብቻው የማይጠይቀው ከሆነ በሣጥን ቢቀመጥ ምን ይጐዳል? ሰው ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር አይደለም። የሞተ ለት ስለ እርሱ ብቻ ይጠየቃል።

መዝገቡን እንደ ገና የሠራነው ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ነው። በመሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሠንጠረዦቹ ሦስት እንዲሆኑ ሳስረዳቸው ከእኔ ቀድመው ገባቸው፤ በእርሳቸው ዘመን ፋይል የሚታወቀው በቍጥሩ ነበርና፤ ሌላው መዝገብ ሁሉ ቍጥሩን ይጠቅሳል እንጂ ፋይሉን ደግሞ አይገለብጥም። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሰዎችን ይይዛል፤ አባል ይሁኑ አይሁኑ። ሁለተኛው አባልነትን ነው። ሦስተኛው ማን ለማን ምኑ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ስሙንም ዝምድና አልነው። ስሞቹን አንድ በአንድ ከሣጥኖቹ እያወጣን ቤት ለቤት ስንጠይቅ አራት ቅዳሜ ፈጀብን። አንዲት አሮጊት የአራት አባሎች እናት ሆነው በአራት ሣጥኖች ውስጥ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተገኙ። በጤና አሉ፤ ቡናም አፍልተውልናል። አሁን በአንድ ረድፍ ላይ ናቸው፤ ከዝምድናው ሠንጠረዥም አራት ረድፎች ወደ እርሳቸው ያመለክታሉ።